ከምንጩ በላይ የታሰረው ጥጃ

መርዝ የያዘ ሰው ዓይኑ ቀልቶ፣ ፊቱ ጠቁሮ የሚገኝ ይመስለን ይሆናል። እኔ ያገኘሁት ግን ነጭ ጢማቸውን እየደባበሱ "መምህር፣ እባክህ ይቺን ጽሑፍ አንብብልኝ፤ መነጽሬን ቤት ረስቼ ነው" የሚሉ ትሑት ሽማግሌ ነበሩ። እኔ መምህር አይደለሁም፤ ለእሳቸው ግን መነጽር ያደረገ ሁሉ መምህር ነው።

የአውቶቡሳችን ጎማ ፈንድቶ መንገድ ዳር ካለ ወፍጮ ቤት ገብቼ ነበር። ቤቱ ጠባብ ነው። በአንዱ ግድግዳ ሥር ተራ የሚጠብቁ ከረጢቶች ተደርድረዋል፤ በሌላው በኩል ሚዛኑ ተሰቅሏል፤ የሞተሩ ቀበቶ በዞረ ቁጥር መሬቱ ይንቀጠቀጣል። የባለወፍጮው ቅንድብ በዱቄት ስለነጣ ከሽማግሌው በዕድሜ የሚበልጥ ይመስላል። ሰፈሩ ሽማግሌውን አባ ብረቱ ይላቸዋል። አንድ ጊዜ ያሉትን ነገር አጥፈው ስለማያውቁ ነው።

ጠርሙሱን ተቀብዬ አየሁት። የተባይ ማጥፊያ ነው።

"ለአንድ ነብር ስንት ክዳን እንደሚበቃ ይላል?" አሉኝ።

"ስለ ነብር የሚለው ነገር የለም። ሰው እንደሚገድል ግን በደንብ ይናገራል።"

"ሰው ምን ሊያደርግ ይበላዋል? እኔ የጨመርኩት ነብሩ በገደለው ጥጃዬ ሬሳ ላይ ነው። እንዳያንስ ብዬ ነው የጠየቅኩህ።"

"ጨምረውታል ማለት ነው?"

"ዛሬ ጠዋት።"

ነብሩ ብቻ እንደማይሞት፣ ጥንብ አንሳውም ጅቡም የጎረቤት ውሻም አብሮ እንደሚያልቅ፣ አውሬ የሌለው ጫካ የሞተ ቤት መሆኑን ድምፄን ከሞተሩ በላይ ከፍ አድርጌ ነገርኳቸው። አባ ብረቱ እስክጨርስ በጨዋነት ጠበቁኝ።

"ልክ ነህ መምህር። አንተ ግን በአውቶቡስ መጥተህ በአውቶቡስ ትሄዳለህ። ነብሩ እዚሁ ነው የሚያድረው።"

ባለወፍጮው ሳቁን ለመደበቅ ወደ ሚዛኑ ዞረ። ከተማ ተቀምጠን "አራዊት ሀብታችን ናቸው" እያልን የምንጽፍ ሰዎች ጥጃ የለንም። ሀብቱ የጋራ ነው እንላለን፤ የተበላው ጥጃ ግን የአንድ ሰው ሆኖ ይቀራል። ጫካ ዳር "ማደን ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ ተክሎ ወደ ቢሮው የሚመለስ ሹም ጥበቃ ያካሄደ ይመስለዋል። ሰሌዳ በረት አይሆንም።

ይህን ሳሰላስል አንዲት ወጣት ገባች። ጭቃ የበላው ቦት ጫማ ተጫምታለች፤ አንገቷ ላይ የሩቅ ማያ መነጽር አንጠልጥላለች። የአባ ብረቱ የእህት ልጅ ናት። ስለ ደን ተምራ ስትመለስ፣ ጫካውን የሚያዋስኑት መንደሮች ራሳቸው መርጠው የደኑና የአራዊቱ ጥበቃ አስተባባሪ አድርገዋታል።

"አጎቴ፣ እንደምን ዋሉ? ጥጃው መበላቱን ሰምቼ ቤት ሄጄ ነበር።"

"ደህና ነኝ ልጄ። ጥጃዬ ነው ያልዋለ።"

"ለምን አልጠሩኝም? የተበላበት ሰው ሲጠራን እኮ መንደሩ በዚያው ቀን ተሰብስቦ በረቱን ያጠብቅለታል። ይህን የተስማማነው እርስዎም በተቀመጡበት ነው።"

"እኔ ተቀመጥኩ እንጂ አልተስማማሁም። ጠርቼሽስ ምን ልታደርጊልኝ? እንደምታዝኚልኝ አውቃለሁ። ኀዘን በረት አይዘጋም።"

"በረትዎ ጣሪያ አለው?"

"ጣሪያ ያለው በረት የት አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"የባለወፍጮው እህት ቤት አለ። አጠናና ሽቦ አልብሰንላታል። ነብር ደጅ አንኳኩቶ አይገባም አጎቴ፤ ዘሎ ነው የሚገባው።"

"እውነቷን ነው" አለ ባለወፍጮው። "እህቴ ከዚያ ወዲህ አንዲት ፍየል አልጎደለባትም። አሁን የሚያስቸግራት ባሏ ብቻ ነው።"

አባ ብረቱ አልሳቁም። "የእኔን በረት እኔ ነኝ የምሠራው። መንደር አይሠራልኝም። ደግሞስ ይህን ሁሉ ድካም ለነብር ከምንደክም፣ ነብሩ ቢሞት ማን ያለቅሳል?"

"በቆሎዎ ያለቅሳል።" ከረጢት ላይ ተቀመጠች። "ማዶ ያሉት ነብሮቻቸውን በመርዝ ጨረሱ። ከርከሮና ዝንጀሮ የሚያስፈራው ጠፋ። በቆሎው እሸት ሲሆን ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት አስቀርተው ማሳ ለማሳ ያሯሩጣሉ፤ ያም ሆኖ የሚተርፋቸው አገዳው ነው።"

"ከማዶ እህል የሚያስፈጭ ሰው ካየሁ ቆይቻለሁ" አለ ባለወፍጮው፣ አሁን ያለ ቀልድ።

"ታዲያ ነብሩን ለማዶ ሰዎች ስጧቸው፤ እነሱ ከፈለጉት" አሉ አባ ብረቱ። "የእኔ ጥጃ ዝንጀሮ ነው እንዴ?"

ጉሮሯቸው ደርቆ ኖሮ ባለወፍጮውን ውሃ ለመኑት። እሱም ግቢ ወጥቶ ከቧንቧው በጣሳ ቀድቶ ሰጣቸው። ጣሳውን ወደ አፋቸው ሲያስጠጉ ቆርቆሮው ላይ አንድ ነገር ተንኳኳ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ጣሪያው በሙሉ ይጮህ ጀመር። ዝናብ ነው።

አስተባባሪዋ ጠርሙሱን ያየችው ያን ጊዜ ነው። እጄ ላይ ነበር።

"ይሄ የማን ነው?"

ወደ ሽማግሌው ተመለከትኩ። እሳቸው ወደ መሬት።

"አጎቴ፣ ሬሳውን የት አስቀመጡት?"

አባ ብረቱ በእምቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

እዚያ አካባቢ ከብት አርቢው የቆየ ልማድ አለው፤ መርዝ ያስቀመጠ ሰው ቦታውን ለሚስቱ እንኳ አይናገርም። አንድ ሰው ከሰማ ወሬው ይዞራል፣ ሰው ሊያይ ይሄዳል፣ አውሬው የሰው ጠረን ሸትቶት ይቀራል ይባላል። በዚህ ልማድ የተነሳ ስንት ሰው የገዛ ውሻውን ቀብሮ ገዳዩን ሲፈልግ እንደኖረ ቤቱ ይቁጠረው። ለአውሬ ያጠመዱትን ሞት ከጎረቤት መደበቅ አርቆ አሳቢነት ተብሎ ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት ልጅቷ በእጇ ዝም አሰኘችኝ።

"እሺ፣ ቦታውን አይንገሩኝ" አለች በለሆሳስ። "ልማድዎን ይጠብቁ። አንዲት ነገር ብቻ ይመልሱልኝ፤ ከምንጩ በላይ ነው ወይስ በታች?"

አባ ብረቱ ጣሳውን አዩት። ውሃው ከምንጩ በቧንቧ የሚመጣ ነው፤ መንደሩ በሙሉ ከዚያው ይጠጣል።

"በላይ" አሉ። "ነብሩ ውሃ ሊጠጣ ሲወርድ እንዲያገኘው ብዬ… ጎትቶ እንዳይወስደው ከዛፉ ሥር በሽቦ አስሬዋለሁ።"

"አክስቴ አሁን የት ናት?"

"ጀሪካን ይዛ ወደ ምንጩ ወጥታለች።" ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጡት። "ልጄ፣ ዝናቡ…"

ባለወፍጮው ሞተሩን አጠፋ።

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ለውሃ ተቆጣጣሪው ደወለች፤ ዋናውን መክፈቻ እንዲዘጋና ውሃ የሚቀዱትን እንዲያስቆም ነገረችው። ከባለወፍጮው ፒንሳ፣ አካፋና ሰፊ ላስቲክ ተቀበለች። "ይምሩን አጎቴ" አለች። እኔም አውቶቡሴን ትቼ ተከተልኳቸው።

ሽማግሌው በዚያ ዕድሜያቸው አቀበቱን እየሮጡ ወጡት። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ፤ "ለፖሊስ ትሰጪኛለሽ?"

"ለመንደሩ ሸንጎ እርስዎ ራስዎ ይነግራሉ። እኔ አጠገብዎ እቆማለሁ።"

ምንጩ አጠገብ ካለው ቧንቧ ስንደርስ ባለቤታቸው ባዶ ጀሪካናቸውን ደፍተው ተቀምጠውበት፣ ውሃውን ማን እንደዘጋው ተቆጣጣሪውን ሲያፋጥጡ አገኘናቸው። አባ ብረቱ ባዶውን ጀሪካን ሲያዩ ድንጋይ ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። "ምን ሆነሃል አንተ ሰው?" አሏቸው ሚስታቸው። "ምንም። ዝም ብለሽ ተቆጪ" አሉ።

ጥጃው ከምንጩ ሽቅብ፣ ከትልቅ ዛፍ ሥር ታስሮ ነበር። የዛፉ ቅርንጫፍ እንደ ጃንጥላ ስለከለለው ሬሳው ገና አልራሰም። አልተነካምም። የነብሩ ዱካ ሁለት ጊዜ ዞሮት ወደ ጫካው ተመልሷል። ልጅቷ የጎማ ጓንቷን አጥልቃ ሽቦውን ቆረጠች፤ ከሥሩ ያለውን አፈር ጭምር ዝቀን በላስቲክ ጠቀለልነውና ከውሃው ርቆ በሚገኝ ደረቅ ሜዳ ላይ በጥልቀት ቀበርነው። ውሃው ተመርምሮ ንጹሕ መሆኑ እስኪነገር ቧንቧው ተዘግቶ ቆየ። ንጹሕ ነበር።

አባ ብረቱ ጉድጓዱን ሲደለድሉ አንድ ነገር አሉ፤ "ብጠራሽ ኖሮ ቆፋሪ አልሆንም ነበር።"

በመከር ሰሞን በዚያው መንገድ ስመለስ ሆን ብዬ ወረድኩ። በረታቸው ጣሪያ ለብሷል፤ አጠናውን ያቆመው መንደሩ ነው። ሸንጎው ፊት ቆመው ጥፋታቸውን ስለተናገሩ፣ መርዝ አስቀምጠው ዝም ያሉ ሌሎች ሁለት ሰዎችም ደፍረው ተናግረው ሬሳው በጊዜ ተነሥቷል። ዛሬ ከብት የተበላበት ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ አባ ብረቱ ዘንድ ነው። እሳቸውም ልጅቷን ይጠሩና መንደሩን ይቀሰቅሳሉ፤ እንቢ ያለውን ይሰድባሉ።

"ነብሩስ?" አልኳቸው።

"አለ። አንድ ቀን ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሲያስብ ቆየና ሄደ። ዝንጀሮዎቹ ግን በቆሎዬን ከሩቅ እያዩ ይመርቁታል እንጂ አይወርዱም። ደመወዝ የማይጠይቅ ዘበኛ ማን አለው?"

እንግዲህ ጫካ መጠበቅ ማለት ይህ ነው። አውሬውን ከሰው መጠበቅ ብቻ አይደለም፤ የተጎዳውን ሰው ብቻውን ከመርዙ ጋር አለመተው ነው። በረት ሲጠነክር ነብር በሕይወት ይኖራል፤ ነብር ሲኖር እህል ጎተራ ይገባል፤ ልጅም ዝንጀሮ ማባረሩን ትቶ ትምህርት ቤት ይውላል። ይህን ለማወቅ ትልቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ ጎረቤትን መጥራት ግን ያስፈልጋል። ሰሌዳ የሚተክሉት ሹሞች ቢቆጡ ይቆጡ።

ልሰናበት ስነሣ አባ ብረቱ ውሃ በጣሳ አመጡልኝ።

"ጠጣ፤ የምንጩ ነው" አሉና፣ መጀመሪያ ራሳቸው ተጎነጩልኝ።