የሁለቱ ደስታዎች ካርድ

ሌንሳ መካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ረቡዕ በምሳ ሰዓት ከእንግዳ ተቀባይዋ ከሶፊ ጋር በሠራተኞች ምግብ ቤት ተቀምጣ ነበር። አዲሱ የዳታቤዝ አስተዳዳሪ መጥቶ ከጀርባዋ ካለው ጠረጴዛ ተቀመጠ። ሌንሳ እንዳላየችው ሆና ድምጿን ትንሽ ከፍ አደረገች።

"ታክሲው ዛሬ እንዴት ነበር ሶፊዬ? የብስራተ ገብርኤል ሰልፍ አሁንም ያው ነው?... ሽሮው ግን ጨው አልበዛበትም? ለካ ዳታቤዝ ልትማሪ ተመዝግበሻል! እሰይ! ምኑን ልትሆኚ አሰብሽ? ንድፍ የሚያወጣ አለ፣ ፕሮግራም የሚጽፍ አለ፣ መረጃውን አገላብጦ የሚተነትን አለ። አስተዳዳሪነቱን ግን... ተይው፣ እሱ መታደል ይፈልጋል። መጀመሪያ ሰርተፊኬትሽን ግድግዳ ላይ ትሰቅያለሽ፣ ከዚያ ትምህርቱን ትጀምሪያለሽ።"

ሶፊ ሳቋን በጉርሻ አፈነችው።

ነገሩ ሰኞ ጠዋት ነበር የተጀመረው። አስተዳዳሪው "የተደጋገመ መዝገብ ላጽዳ" ብሎ ስማቸው አንድ የሆነ ታካሚዎችን ሁሉ አንድ ካርድ ላይ አዋሃዳቸው። የሰባ አንድ ዓመቱ አቶ ደስታ ዳባ ጉልበታቸውን ሊታከሙ መጥተው የእርግዝና ክትትል ቀጠሮ ተሰጣቸው። ይህስ አስቆ ያልፍ ነበር። ነፍሰ ጡሯ ደስታ ዳባ ግን ፔኒሲሊን እንደማይስማማት የሚናገረው ማስጠንቀቂያ ከካርዷ ጠፍቶ፣ የዚሁ መድኃኒት መርፌ ተዘጋጅቶላት ሳለ ነው ሌንሳ ፊቷን አውቃ "ቆይ!" ብላ የጮኸችው። ከሰዓት በኋላ ራሷ አስቀምጣው ከነበረ ቅጂ ሁሉንም እንደነበረ መለሰችው። ማክሰኞ ስብሰባ ላይ ግን አስተዳዳሪው ተነስቶ "ሲስተሙን አስተካክያለሁ" አለ፤ የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ኮርሳም አመሰገኑት። ሌንሳ ከሰው ጋር አጨበጨበች። ሌሊቱን ግን ስትገላበጥ አደረች።

"የመጀመሪያው ትምህርት ቀላል ነው" ቀጠለች። "ሠንጠረዥ ማለት እንደኛ መደርደሪያ ነው፤ ለአንድ ሰው አንድ ረድፍ። አንዱን ከሌላው የሚለየው ቁጥሩ ነው፣ ስም እንደሁ ይመሳሰላል። እኛ ምን እናውቃለን፣ 'የካርድ ቁጥር፣ የካርድ ቁጥር' ስንል አረጀን! ሊቅ ሲመጣ ግን ሰውን በስሙ ጠራው። አክብሮት እኮ ነው!... ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ ስም ቢያብር ሽማግሌ ያስረግዝ አይደል የሚባለው?"

ከኋላዋ የማኘኩ ድምፅ ቆመ።

"ቅጂ ማስቀመጥ? እሱ የፈሪ ሥራ ነው እቴ! ጀግና ቅጂ ምን ያደርግለታል?... ደግነቱስ ብትይ! የሰው ድካም ሜዳ ላይ ወድቆ እንዳይቀር አንስቶ በራሱ ትከሻ ተሸከመው። በዚህ ዘመን ማን እንዲህ ያደርጋል? 'ሲሾም ያልተማረ ሲሻር ይማራል' ይላሉ ምቀኞች... ከእኔ አፍ እንኳ ወጥቶም አያውቅ።"

ወንበር ተንሸራተተ። አስተዳዳሪው ምሳውን ሳይጨርስ ተነስቶ ጥግ ላይ ብቻቸውን ወደሚበሉት ዶክተር ኮርሳ ሄደ፤ ጎንበስ ብሎም ለረጅም ጊዜ አነጋገራቸው። ዶክተሩ ቀና ብለው ሌንሳን ፈለጓት፣ እጃቸውንም ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሷት። እውነቱን እንደነገራቸው ገባት። እዚህ ላይ ብታቆም ደግ ነበር፤ ነገር ግን ሰውየው ፊቱ ቀልቶ በአጠገቧ ሲያልፍ ምላሷ አላስችል አላት። ዓይኗን ከሶፊ ሳትነቅል ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

"አሜን በይ ሶፊዬ!... እንዲህ ያለውን ባለሙያ አቦዬ ይጠብቁልን። ዕድሜና ጤና አይንፈጉት። አያድርገውና ታሞ ቢተኛ እንኳ... ካርዱን የሚይዝለት ልክ እንደ ራሱ ያለ ሰው ይዘዙለት!"