ከአስፋልቱ ስር ያገኘሁት ግንብ

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የጎርፍ መውረጃ ቱቦ እየገባሁ ፎቶ የማነሳ ሰው ነኝ። ሥራ ፈት እያሉ የሚስቁብኝ ብዙ ናቸው፤ ይሳቁ። በቀደም ከአስፋልቱ ስር ባትሪ ይዤ እየጎነበስኩ ስሄድ ቱቦው በግንብ ተዘግቶ አገኘሁት። ድንጋይ በሲሚንቶ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ! ፎቶ አነሳሁና አጠገቡ ያለውን ክዳን ገፍቼ ብወጣ የት ብገኝ ጥሩ ነው? አያ ታፈረ ግቢ! የእድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ በየክረምቱ ጎርፉ ቤታችን ሲገባ "ኃጢአታችን ነው፣ ምህላ እንያዝ" የሚሉን እሳቸው ናቸው። ግንቡ ለካ የመጋዘናቸው መሠረት ኖሯል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ እኛ ይመለሳል።

"ልጄ፣ ፎቶውን አጥፋው። ጎርፉ እንደሆነ የእግዜር ቁጣ ነው" አሉኝ ረጋ ብለው።

ደሜ ፈላ። "ሲሚንቶውንም ያቦካው እግዜር ነው?" አልኳቸው።

እሁድ እድሩ ሲሰበሰብ ፎቶውን ለሁሉም አሳየሁ። ስለ ግንቡ አንድ የጠየቀ ሰው የለም! "እንዴት ሽማግሌ ትዘልፋለህ?" ብለው እኔው ላይ ተነሱ። አምና ፍራሿን ጎርፍ የወሰደባት ጎረቤቴ እንኳ ሳትቀር! በመጨረሻ ድንጋይ ተሸክሜ፣ አያ ታፈረ እግር ላይ ወድቄ ይቅርታ እንድጠይቅ ፈረዱብኝ።

እሺ አልኩ። ተሸክሜ እሄዳለሁ። ድንጋዩን ግን የማመጣው ከቱቦው ውስጥ፣ ከዚያው ከግንባቸው ነቅዬ ነው።