ጋሼ አሊዪ ውሸት ያቆሙ ጊዜ

የዚያን ቀን የጀውሃ ፀሐይ አህያ እንኳ ጃንጥላ ይገዛልኝ የምትልባት ዓይነት ነበረች። እትዬ ከዲጃ ግን እንደበረደው ሰው ተኮራምተው መንገድ ዳር ተቀምጠዋል፤ ሦስተኛውንም ሚኒባስ አሳለፉ። የማህፀን በር ካንሰር ታክመው ከጨረሱ ዓመት ሆኗቸዋል። በሽታው ተመልሶ እንደሆነ የሚታይበት ቀጠሮ ዛሬ ነው። ባላቸው ጋሼ አሊዪ ውሃ ሊገዙ ማዶ ተሻግረዋል።

በዚህ መሐል ሸዋሮቢት በነርስነት የምትሠራው የጎረቤታቸው ልጅ ፈይሩዝ ከባጃጅ ወረደች።

«አሰላሙ ዐለይኩም እትዬ! ቀጠሮዎ ዛሬ አይደል እንዴ?»

«ወዐለይኩም ሰላም ልጄ። ልመለስ ነው። የሚሉኝን አውቄዋለሁ።»

«ማን ነገረዎት?»

«አሊዪ ነዋ! ሳይናገር ነገረኝ። አዞ ላይ ማሽላ ጭኜ ወፍጮ ቤት ሄድኩ ሲለኝ የኖረ ሰው፣ ከታመምኩ ወዲህ አንዲት ውሸት ከአፉ አልወጣችም። የማሾ ማሳዬንም እንደሌለሁ ቆጥሮ ሳያማክረኝ ዘራው። ሐኪሙ ለብቻው አንድ ነገር ቢነግረው ነው። ወገቤን በቆረጠኝ ቁጥር፣ መጣ እላለሁ። ለማን ልናገር? ሰፈሩ ሁሉ የበሽታውን ስም አትጥሪ፣ ሲጠሩት ይሰማል ይለኛል።»

ፈይሩዝ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እትዬ፣ አይመለስም ብዬ አልምልልዎትም፤ ያንን የሚያውቀው ምርመራው ነው። ቢመለስ እንኳ ቶሎ የተደረሰበት ይሻላል። ግን ትናንት ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለው ማሾ ሲለቅሙ አይቼዎታለሁ፤ ወገብዎን ቢቆርጥዎት ምን ይገርማል? ታክመው እንደርስዎ የሚፈሩ ሴቶች ብዙ ናቸው። ፍርሃት ብቻውን ሲተዉት ያገኘውን ሁሉ እየበላ ይወፍራል፤ የባልን ዝምታ ሳይቀር።»

«ስሙን ብጠራውስ?»

«ጆሮ የለውም እትዬ! ጆሮ ያላችሁ እርስዎና ጋሼ አሊዪ ናችሁ።»

ጋሼ አሊዪ ውሃውን ይዘው ደረሱ።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ ለብቻዎ የነገረዎት ነገር አለ?» አለች ፈይሩዝ።

«አለ» አሉ ደንገጥ ብለው። እትዬ ከዲጃ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ከባድ ሥራ አታሠራት አለኝ። ማሾውንም ለዚህ ነው ብቻዬን የዘራሁት፤ ለቀማውን ግን ተይ ብላት እምቢ አለች።»

«ውሸቱንስ ለምን ተውክ?» አሉ ከዲጃ።

«አንቺ ተክዘሽ እኔ ልቀልድ? ዝም ስል የምትረሺው መስሎኝ እንጂ...» ውሃውን አቀበሏቸው። «እኔም እኮ እፈራለሁ፣ ከዲጃ።»

አንድ ዓመት ሙሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር፣ እርስ በርስ እንዳይደናገጡ ሲሉ ለየብቻቸው ሲንቀጠቀጡ ኖረዋል።

«ካንሰር» አሉ እትዬ ከዲጃ ቀስ ብለው። መንገዱ አልተሰነጠቀም፤ አንዲት ፍየል ብቻ ዞር ብላ አየቻቸው።

«ሐኪሙን ስለ በሽታው ብቻ አይጠይቁት» አለች ፈይሩዝ፤ «ፍርሃቱንም ይንገሩት። እሱም ሕክምና አለው።»

አራተኛው ሚኒባስ ሲመጣ ተሳፈሩ። ገና ከመንቀሳቀሱ ጋሼ አሊዪ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፦ «ይሄ መኪና አምና ነዳጅ ሲያልቅበት ማሽላ አጉርሼው ነው ደብረ ሲናን የወጣው።»

«ውሸታም!» አሉ ከዲጃ፤ እጃቸውንም ጥብቅ አድርገው ያዟቸው።

ምርመራው ምንም አላገኘም፤ በስድስት ወር ተመለሺ ተባሉ። ፍርሃቱ እንደሆነ አልጠፋም፤ ቀጠሮ ሲቃረብ ይመጣል። ነገር ግን አሁን የሚሰማው ሰው ስላለ እንደ ድሮው አያድርም። ይህን የሰማችው ጎረቤታቸው አሪፋም ደብቃው የኖረችውን ደም መፍሰስ ተናግራ፣ በጊዜ በሐኪም ታየች።

በሚቀጥለው የማሾ ለቀማ ወገባቸውን ሲቆርጣቸው እትዬ ከዲጃ ቀና ብለው «አሊዪ፣ ፈራሁ» ይላሉ። ጋሼ አሊዪም ሥራቸውን ትተው አጠገባቸው ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ይሰማሉ፤ ከዚያ ይዋሻሉ።