ለሪዝሊንግ የተጠበቀች ምላስ

«ማሚ፣ ዌዲንጌ ላይ ዶሮውን አንቺ ነሽ አይደል የምትሠሪው? ፕሮሚስ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር ሔለኔ፣ ገና የወተት ጥርሷ ሳይወልቅ። ምን ትዝ እንዳስባለኝ እንጃ መዓዛዬ... እንዲያው ነው። ቁጭ በይ እስቲ። ከካስትሮ ቫሊ እኛ ቴሜስካል ድረስ በዚህ ሰዓት ትራፊኩ አይጣል ነው መቼም! ልጆቹ ደህና?

ትናንት ቀረሽብኝ እኮ። የቤተሰብ ትውውቁ እንዴት ያምር ነበር መሰለሽ! ከሙሽራው ከፍቅሬ ወገን የመጡት ሁሉ ጨዋ፣ ሁሉ ሳቂታ። አንዷማ... ስም መጥራት ምን ያደርጋል? ሙሽራውን የወለደች እናት ናት፤ ይኸው ክብሯ ይበቃታል። የጀርመን ነጭ ወይን ይዛ ከተፍ አለች። ሪዝሊንግ ይሉታል። እኔ የት አውቄው! እግዜር ይስጣትና አስተማረችን። ሽማግሌው አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ጸሎቱን እስኪጨርሱ እንኳ አልጠበቀችም፣ ትምህርቱ እንዳያመልጠን አስባ። ብርጭቆውን ታሽከረክራለች፣ አፍንጫዋን ትከታለች፣ ዓይኗን ጨፍና ትመሰጣለች... እኔማ ዝንብ የገባበት መስሎኝ ልቀይርላት ተነሥቼ ነበር።

ቀመስኩት። አልዋሽም፣ ደስ ይላል። ጣፈጠ ስትዪው ይኮመጥጣል፤ ኮመጠጠ ስትዪው ደግሞ ኮክ ኮክ ይላል። «ሲቆይ ትንሽ ላምባ ላምባ ይሸታል፤ የጥሩነቱ ምልክት ነው» አለችን። እኔ ያልተማርኩት፣ ስቶቩ ጋዝ ያፈሰሰ መስሎኝ ወደ ኪችን ሮጬልሻለሁ! ለካ እየቆየ ሲሄድ መሽተትም ክብር ነው... ማን ነገረን?

ዶሮው ቀረበ። ደንቡን ታውቂያለሽ፤ የሙሽሪት እናት የሙሽራውን እናት ታጎርሳለች። ከነሥጋው ጠቅልዬ እጄን ዘረጋሁ። «ይቅርታ፣ ምላሴን ለወይኑ ነው የምጠብቀው፤ በርበሬው ይገድለዋል» አለችኝ። እውነቷን እኮ ነው! ምላሷን የምትጠብቅ ሴት ዛሬ ከየት ይገኛል? እኔማ፣ ምነው ሁልጊዜ በጠበቀችው አልኩ በሆዴ።

እጄ እንደተዘረጋ ቀረ፤ ሔለን አንገቷን ደፋች። ፍቅሬ ነው ብድግ ብሎ አፉን የከፈተልኝ፤ ጎርሶም «ድገሚኝ፣ እማዬ» አለኝ። እንዴት ያለ ልጅ ነው! ማን አሳድጎት ይሆን?

ደግሞ ለሠርጉም አስባልናለች። ሳን ሆዜ አዳራሹ ውስጥ ቀይ ወጥ እንዳይገባ፤ ወይኑ ከለስላሳ አልጫ፣ ከዓሣ፣ ከአይብ ጋር ነው አሉ የሚሄደው። «ኬተሪንጉን እኔ ኮል አደርጋለሁ፤ አንቺ እረፊ» አለችኝ። አየሽ አዘኔታዋን? ሔለን ቀና ብላ አየችኝ፣ በዚያች በልጅነቷ ዓይን። እኔ ምን እላለሁ? እንግዳ ቤቴ መጥቶ አፌን እከፍታለሁ?

ዛሬ ጠዋት ግን ዳዊቴን ደግሜ ስነሣ ሽንኩርቱን ጣድኩ። የትናንቱ ጠርሙስ ገና ግማሹ አለ፤ ለካ የሚወራለትን ያህል አይጠጣም። ቁሌቱ ሲንተከተክ በውኃ ፈንታ እሱን ጠብ ጠብ አደረግሁበት። ብታዪው መዓዛ! በርበሬውን አልሸሸውም፤ ተዋህዶት ቁጭ። አማርኛ የማይሰማ የጀርመን ወይን ከኛ ወጥ ጋር እንዲህ ከተስማማ... ሰው ያቅተዋል?

ከዚያ ሔለን ጋ ደወልኩ። «አዎ ልጄ፣ እኔ ነኝ የምሠራው» አልኳት። አለቀሰች።

ይኸው፣ ወጡን ለሙሽራው እናት በዕቃ አድርጌላታለሁ፤ ሰፈርሽ ናትና ስትመለሺ አድርሺልኝ፣ ሳይቀዘቅዝ። የሠርጉ ዶሮ ቅምሻ ነው በያት። ቂም የለኝም፣ ከልቧ መርቃሻለች በያት፦ እመቤቴ ዕድሜን ከጤና ጋር ትስጣት። የልጅ ልጇን አቅፋ በገዛ እጇ ለማጉረስ ያብቃት... ሕፃኑም አፉን ይክፈትላት።