ለእናት ቦታ ያጣው ሳሎን

ፋሲካ አራት ቀን ሲቀረው ብዙወርቅ የመስታወት ጠረጴዛ ገዝታ አሶሳ ገበያ በር ላይ ቆመች። ባጃጆቹ ጠረጴዛውን እያዩ ያልፏታል። በመከራ አንዱ ቆመላት፤ ሹፌሩ ሙርሳል ግን አፉ አያርፍም።

«እትዬ፣ የሚሳፈረው ማነው? እርስዎ ወይስ ጠረጴዛው?»

«ሁለታችንም! ዝም ብለህ ንዳ!»

ውስጥ ማን ብትኖር ጥሩ ነው? የጎረቤቷ ልጅ ዐርዋ! ከዩኒቨርሲቲ እየተመለሰች ነው። ጠረጴዛውን ጭኗ ላይ ተቀበለቻትና ተያይዘው ተጨናነቁ።

«ደግሞ ጠረጴዛ፣ እትዬ?»

«ለበዓል ነዋ! ባዶ እጄን ልግባ?»

ወይኔ፣ የብዙወርቅን ሳሎን ብታዩት! ሶፋው ከነላስቲኩ፣ ቡፌው ጢም ብሎ፣ የፕላስቲክ አበባው ለገና፣ መጋረጃው ለጥምቀት፣ ብርጭቆው ለአምናው ፋሲካ። በዓሉ ይሄዳል፣ እቃው ይቀራል። ሰው የሚገባው በጎኑ ነው፣ የምሬን!

«እኛ ቤት ለኢድ እቃ አናስገባም፣ እናወጣለን እንጂ» አለች ዐርዋ። «ሰሌን ይነጠፋል፣ ሠላሳ ሰው ይቀመጣል። በዓሉ ሲያልፍ ሰሌኑ ተጠቅልሎ ግድግዳ ይደገፋል። አለቀ።»

«እሱ የናንተ ልማድ ነው። እኔን ባዶ ቤት ውስጥ ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል?»

«ሰውማ መች ይገባል? በር ላይ ቆሞ እንኳን አደረሳችሁ ብሎ ይመለሳል እንጂ።»

ብዙወርቅ ደሟ ፈላ። «ስሚ ዐርዋ፣ በሰባ ሰባት ከወሎ በሰፈራ ስንመጣ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ውሃ የምንጠጣበት ቅል እንኳ አልነበረንም! የመጀመሪያውን ገና ሳር ላይ ቁጭ ብለን ነው ያሳለፍነው። ዛሬ ቤቴ ሞላ ብለሽ ትወቅሺኛለሽ?»

ዐርዋ ፊቷን ወደ ብዙወርቅ አዞረች።

«አልወቅስዎትም። ግን ያኔ ሳሩ ላይ ማን ነበር አጠገብዎ?»

«እናቴ ነቻ።»

«አሁንስ?»

«አኩርፋኛለች። ለገና መጥታ እስከ ጥምቀት እቆያለሁ ብላኝ፣ በሁለተኛው ቀን ዶሮዎቼ ብላ ወደ ሰፈራው መንደር ተመለሰች። ዶሮ ከኔ በለጠባት! እኔም ተቀይሜ ይኸው ሦስት ወር ሆነኝ፣ አልጠየቅኳትም።»

ዐርዋ ጠረጴዛውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«ወላሂ፣ እናትዎ እማማ አገኘሁሽ እንዳልናገር አስምለውኝ ነበር። መናኸሪያ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። አኩርፈው አይደለም፣ ዓይናቸው እየጠፋ ነው። ‹ብርሃኔ ሳይሄድ የልጄን ፊት እያየሁ ልሰንብት ብዬ ነበር የመጣሁት› አሉኝ። ‹በዞርኩበት ሁሉ እቃ ይመታኛል። ብርጭቆዋንም ሰበርኩባት። ሌላ ሳልሰብር ልሂድላት› አሉኝ።»

ብዙወርቅ የዚያን ቀን ብርጭቆው ሲወድቅ እናቷን ምን እንዳለቻቸው ትዝ አላት። «እማዬ፣ አታዪም እንዴ? አዲስ እኮ ነው!» ነበር ያለችው። እናቷ ጎንበስ ብለው ስብርባሪውን በእጃቸው ሲዳብሱ እንኳ አልገባትም።

«ሙርሳል፣ አዙረው።»

«ወዴት?»

«ጠረጴዛውን ወደገዛሁበት።»

«እንዴ! ይሄን ከመጫኔ በፊት ቢሉኝ…» ብሎ ፊቷን በባጃጁ መስታወት አየና ቀሪውን ዋጠው።

በማግስቱ ከዐርዋ ጋር እቃ ማውጣት ጀመሩ። ቀላል እንዳይመስላችሁ! ብዙወርቅ እያንዳንዱን ሳህን ይዛ «ይሄ እንኳ ለቀኑ ይሆናል» ትላለች፤ ዐርዋ ደግሞ «ለየትኛው ቀን?» ትላታለች። ሳህኑና ብርጭቆው ለእድሩ ተሰጠ፣ ድግስ ያለበት ሁሉ ይገልገልበት ተባለ። ሶፋው አዲስ ለተጋቡት ጎረቤቶች ሄደ። ሶፋው ሲነሳ ከኋላው ትንኝ ግር ብሎ ወጣ፤ ለካስ በየክረምቱ በወባ የሚያስተኛት ጠላት እዚያ ነበር የሚያድረው!

ቅዳሜ እናቷን ልታመጣ ሄደች። እማማ አገኘሁሽ ከሁዳዴ መግቢያ ወዲህ ጨርሶ አያዩም። በሩ ላይ ቆሙና እጃቸውን ወደፊት ዘረጉ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት። ግድግዳው ድረስ ምንም ሳይመታቸው ደረሱ።

«ቤት ቀየርሽ እንዴ፣ ልጄ?»

«አልቀየርኩም እማዬ። እቃውን ነው ያወጣሁት።»

«ውይ፣ ምነው? ያምር ነበር እኮ!»

ዐርዋ ያመጣችው ሰሌን ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ፋሲካን ጎረቤቱ ሁሉ ጫማውን እያወለቀ ገባ፤ በር ላይ የቆመ የለም። በበዓሉ ማግስት ጠረጋው አንድ አፍታ ነበር የፈጀው፤ ስንት በዓል አቧራ ስትወለውል ያለፋት ብዙወርቅ አረፍ ብላ ከሰው ጋር አወራች። አሁን አንድ እቃ ሳይወጣ ሌላ አታስገባም፤ በዓል ሲያልፍ ያልተነካውን ለሚፈልገው ትሰጣለች። ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ! ግን ከበዓሉ በኋላ እናቷን ሐኪም ቤት ስትወስዳቸው ሐኪሙ አይቶ «ምነው በገና ሰሞን ብታመጧቸው ኖሮ» ነው ያላት።

የዚያን ቀን ከሐኪም ቤት ሲመለሱ እናቷ «ፊትሽን ወዲህ አምጪው» አሉ። በጣታቸው ጉንጯን፣ አፍንጫዋን፣ ግንባሯን ቀስ እያሉ ዳሰሱ። ግንባሯ ላይ ቆሙ።

«ይሄ መስመር መቼ መጣ? እኔ አላየሁትም።»

«ከገና ወዲህ ነው፣ እማዬ» አለች ብዙወርቅ። እጃቸውንም ከግንባሯ እንዳያነሱት በሁለት እጇ ያዘችው።