በባሕር ማዶ የተጠቀሱት ዶክተር ሠርካለም አጥናፉ

ከፃግብጂም ከአበርገሌም የመንገዱ ርዝመት ሳይበግራችሁ ለቀብር የደረሳችሁ ወገኖች፣ የሕፃናት ሐኪምና ተመራማሪ የነበሩት የዶክተር ሠርካለም አጥናፉ ሕይወት እንዲህ ነበር።

ዶክተር ሠርካለም ከአባታቸው ከአቶ አጥናፉ አስማረና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩሐረግ ምሳው በሰቆጣ ዙሪያ በ1952 ዓ.ም. ተወለዱ። በሰቆጣ ፊደል ቆጥረው፣ ሁለተኛ ደረጃን በወልድያ ፈጽመው፣ ሕክምናን በጎንደር ተምረው፣ በ1979 ዓ.ም. ከመምህር ንጋቱ መንግሥቴ ጋር በቁርባን ተጋብተው ሰላማዊትንና የሺመቤትን ወለዱ። በሕፃናት ሕክምና ልዩ ሥልጠና ከወሰዱም በኋላ አዲስ አበባ ይቅሩ ቢባሉ እሺ ሳይሉ በ1987 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ።

አበርገሌ ወርደው ሕፃናትን ሲመዝኑ አንድ ነገር አላምር አላቸው። ጎድናቸው የሚቆጠር ልጆች ሚዛን ላይ ሲወጡ ለጥቂት ደኅና ሆነው ይገኙና አልሚ ምግብ ሳይደርሳቸው ይመለሳሉ። ምክንያቱ አንገታቸው ላይ ተደርድሮ ክብደት የሚጨምረው ክታብና የብር መስቀል ነበር። እናቶቹ ግን ክታቡን ፈትተው መሬት ላይ ከማኖር ልጃቸውን ይዘው ቢመለሱ ይመርጣሉ። ዶክተርም መላ ሲፈልጉ ቆይተው፣ ከመነኮሱ ወዲህ አብረዋቸው የሚኖሩትን አማታቸውን እማሆይ ወለተ ሐናን ይዘው ወረዱ። እማሆይ ከሚዛኑ አጠገብ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ክታቡን እንደ አደራ ሲቀበሉ እምቢ ያለች እናት አልነበረችም፤ ተደብቆ የነበረውም ረኃብ በሚዛኑ ታየ። ጥናቱ በ1991 ዓ.ም. በውጭ አገር መጽሔት ታተመ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የዶክተር የትምህርት ባልንጀራ ዶክተር የሻምበል ከአዲስ አበባ ሲደውሉ ስልኩን ያነሡት እማሆይ ነበሩ።

«ለሠርካለም ደስ የሚል ወሬ ይንገሩልኝ፤ ውጭ አገር ብዙ ሰዎች ጠቅሰዋታል» አሏቸው።

እማሆይ «ባል እንዳላት አያውቁም?» ቢሉ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ ያስቸገራቸው ዶክተር የሻምበል፣ «ይህ ምኑ ነው፣ ገና ብዙ ይጠቅሷታል» ብለው ዘጉ።

በማግስቱ ዶክተር ከሥራ ሲመለሱ የንስሐ አባታቸውን መምሬ ደጅይጥኑን ከሁለት ሽማግሎች ጋር ቤታቸው ተቀምጠው አገኟቸው። መምህር ንጋቱ ነገሩ ወዲያው ቢገባቸውም፣ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አቀርቅረው ስለነበር፣ ሽማግሎቹ የሚያለቅሱ መስሏቸው አዘኑላቸው።

«ዓይን መጥቀስ አይደለም» አሉ ዶክተር፤ «ሌሎች ሐኪሞች ጽሑፌን አንብበው፣ በየጽሑፋቸው ሠርካለም እንዲህ ብላለች እያሉ ስሜን አነሡ ማለት ነው።»

መምሬ ፈታ ብለው፣ «ታዲያ እውነቷን ነው አሉ ወይስ ዋሽታለች?» ብለው ሲጠይቁ፣ ብዙዎቹ እንዳመኑ፣ አንዱ ግን በእኛ አገር አይሠራም ብሎ እንደጻፈ ሳይደብቁ ነገሯቸው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእማሆይ ቍጣ ከምራታቸው ተነሥቶ በዚያ ሰውዬ ላይ ዐረፈ። «ክታቡን ማን ይዞለት ነው የሞከረው?» አሉ። ወደ ቤቱ የመጣውንም እንግዳ ሐኪም ሁሉ፣ ገና እጁን ሳይታጠብ፣ «ጠቅሰሃታል?» እያሉ መጠየቅ ጀመሩ፤ ነገሩን ያላወቀ ወጣት ሐኪምም ደንግጦ ወንበሩን ከዶክተር ያርቅ ነበር።

በ2000 ዓ.ም. በዶክተር ላይ የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። የመጨረሻ ጽሑፋቸውን የጨረሱት አልጋ ላይ ሆነው ሲሆን፣ በምስጋናው ገጽ ልጆቻቸውን ያስመዘኑትን የአበርገሌ እናቶች ሁሉ በስማቸው ጽፈው ነበር። የመጽሔቱ አዘጋጅ ገጹ ስለረዘመ ስሞቹ ይቀነሱ ቢል፣ ዶክተር መልሱን ለሰላማዊት ሲያስጽፉ፣ «ቦታ ከጠበበ የእኔን ስም አውጡና የእነሱን ተዉት በይው» አሏት። አዘጋጁም ስሞቹን ሁሉ እንዳሉ ተዋቸው። ዶክተር ግን ኅትመቱን ሳያዩ በሚያዝያ 2001 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በአርባ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸው መምህር ንጋቱ፣ ልጆቻቸው ሰላማዊትና የሺመቤት፣ እንደ ልጃቸው ያዩዋቸው እማሆይ ወለተ ሐና፣ በዚያ ገጽ ስማችሁ የሰፈረ፣ ዛሬም ልጆቻችሁን አስከትላችሁ ከፊት የቆማችሁ እናቶች፣ ሁላችሁም የዶክተር ቤተሰብ ናችሁ። ለሕፃናት ሲራሩ የኖሩትን ነፍስ እግዚአብሔር በምሕረቱ ይቀበልልን፣ ከደጋጎቹም ጋር ያሳርፍልን። አሜን።