ሠላሳ ሁለተኛዋ አገዳ

በአዋሽ ዳር፣ ጨው ባነጣው ማሳ ላይ፣ ረፋድ፤ ገበሬው ይመር ገጀራ ጨብጦ፣ የዘር ተመራማሪዋ ውዳላት የደማ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ከተጨፈጨፉት የዱር ማሽላዎች በተረፈችው አንዲት አገዳ ፊት ተፋጠዋል።

ይመር፦ ዞር በይ! ቅድም እጅ ነው የነካሁት፤ አሁን አንገት ነው።

ውዳላት፦ አንገቴም ይኸው። ሠላሳ አንዱን ፈጅተዋል ጋሼ ይመር። ይቺን ግን አልሰጥም።

ይመር፦ ማን እጅሽን ስለት ስር አስገቢ አለሽ? እኔ የቆረጥኩት ቀይ ክር ያሰርሽበትን ነው።

ውዳላት፦ ለምን እነሱን?

ይመር፦ ከተማ ሳለሁ ቀይ የሚቀቡት የሚፈርስ ቤት ላይ ነበር። ያገዝኩሽ መስሎኝ!

ውዳላት፦ የሚተርፉት ነበሩ! ከስድስት መቶ ውስጥ ጨው ያላቃጠላቸው እነሱ ብቻ ነበሩ።

ይመር፦ ሁሉም ያው ወፍ ዘራሽ አይደለም?

ውዳላት፦ የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ከአንድ ራስ የወጡ ዘሮች አንዱ ጨው ሲገድለው ሌላው ይችለዋል።

ይመር፦ ቢችለውስ! ከማሽላዬ ጋር ሲዳቀል ፍሬዬ ሳይታጨድ ይረግፋል። ለወፍ ነው የማርሰው?

ውዳላት፦ የአበባው ብናኝ እንዳይወጣ አይደል ራሳቸውን በከረጢት ያሰርኩት?

ይመር፦ የተሰቀለ ሰው አስመሰልሻቸው እንጂ። ይህን ገጀራ ታውቂዋለሽ?

ውዳላት፦ ዛሬ ተዋወቅን።

ይመር፦ የወንድሜን የሰይድን ቀኝ እጅ የጣልኩበት ነው። ይህ የታችኛው ማሳ በጨው ሲነጣ፣ ላይኛውን እኔ ልረስ እኔ ልረስ ተባባልን። ሦስት ዓመት ታስሬ ወጣሁ፤ ጨው ግን ከመሬቱ አልወጣ። አሁን እኔ ሳርስ እሱ ደጁ ላይ ተቀምጦ ያየኛል።

ውዳላት፦ ላይኛውም ጠርዙ ነጥቷል። ለክቼዋለሁ።

ይመር፦ ዝም በይ!

ውዳላት፦ እሱም ሲነጣ የሚቀጥለው የማን እጅ ነው?

ይመር፦ ዝም በይ አልኩሽ! እመታሻለሁ!

ውዳላት፦ ይምቱ። ግን እዚህ ከረጢት ውስጥ ያለው ፍሬ እናቱ የዱር ናት፤ አባቱ የእርስዎ ማሽላ ነው። ብናኙን ከማሳዎ ወስጄ በእጄ አራገፍኩባት።

ይመር፦ ልጁም እንደ እናቱ ይረግፋላ!

ውዳላት፦ የመጀመሪያው ይረግፋል። የልጅ ልጆቹን እየመረጥን የሚረግፈውን እንጥላለን፣ ጨው የሚችለውን እናስቀራለን። ከሆነልን ታችኛው ማሳ ይታረሳል። አንዱ ማሳ ለእርስዎ፣ አንዱ ለሰይድ።

ይመር፦ ስንት ዓመት?

ውዳላት፦ ስድስት። ላይሆንም ይችላል።

ይመር፦ መዋሸት እንኳን አታውቂም።

ውዳላት፦ አላውቅም። ገጀራውን ያውርዱ።

ይመር፦ በእኔ አትተማመኚ፤ ማታ ንዴቴ ይመለሳል። እንቺ፣ ገጀራውን ለሰይድ ስጪልኝ። እዚህ ቁጭ ብሎ አገዳዋን ይጠብቃት። እኔ ከመጣሁ፣ በቀረችው እጁ አይማረኝ።